የዋሩጋዲንግ በሽተኛ ጠያቂ

በዋሩጋዲንግ መንደር ሆስፒታል ተኝቶ ጠያቂ ያጣ ሰው ተሰምቶ አያውቅም። ይህ የሆነው የመንደሩ ሰው ከሌላው የተለየ ደግ ስለሆነ አይደለም፤ ዋርሲኒ የምትባል ሴት እዚያ ስለምትኖር ነው። ሰው ታመመ ሲባል አንዳንዴ ከበሽተኛው ዘመድ ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት። ከሰማች ደግሞ አትቀመጥም። በየደጁ እየዞረች "ነገ ረፋድ ላይ ነው፤ ወገቤን ምናምን የምትል እንዳትኖር!" ትላለች። ብርቱካንና ዳቦ ታሰባስባለች። ገበሬው ቱኪራን ጎመን የሚጭንበትን ፒክአፕ አስጠርጋ ታስቀርባለች። ከዚያ አሥራ ስምንት፣ ሃያ ሴት ከኋላው ተጠቅጥቆ፣ እየሳቀና እየተራረበ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ከተማ ይገባል። በሽተኛው አልጋ ዘንድ የሚቆዩት አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ለአሥር ደቂቃ ይህን ያህል መንገላታት ምን ይባላል የሚላት ካለ የዋርሲኒ ቁጣ አይጣል ነው።

ባሏ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት በጉበት በሽታ አሥራ አንድ ቀን ተኝቶ ነው የሞተው። በአሥራ አንዱ ቀን ውስጥ መንደሩ ሦስት ጊዜ ተጭኖ መጥቶለታል። "ሞቱንማ ማን ይመልሰዋል፤ ግን ሰው እንዳለው አውቆ ሄደ" ትላለች። ከዚያ ወዲህ የጠያቂዎቹ አለቃ እሷ ሆነች። የሾማት የለም፤ የሚሽራትም አልተገኘም።

የምትተዳደረው ቴምፔ እየሠራች ነው። አኩሪ አተሩን ትቀቅላለች፣ እርሾውን ትነሰንስበታለች፣ በሙዝ ቅጠል ትጠቀልለዋለች። በሁለተኛው ቀን ፍሬው ነጭ ለብሶ እርስ በርሱ ሲያያዝ፣ ማለዳ በቅርጫት ይዛ ቤት ለቤት ትሸጣለች። ሸጣም ዝም ብላ አትወጣም፤ ትቀመጣለች፣ ሕፃን ታቅፋለች፣ ወሬ ትሰማለች፣ ወሬ ታወራለች። አንድ ወንድ ልጅ አላት፤ መርከብ ላይ ይሠራል። ሚስቱ ራትሪ የስምንት ወር እርጉዝ ሆና ከዋርሲኒ ጋር ትኖራለች።

ያን ጊዜ ኮሮና ገና የቴሌቪዥን ነገር ነበር። የመንደሩ ሴቶች ይሥቁበት ነበር። ሱርቲኒ የምትባለው፣ የዋርሲኒ የልብ ጓደኛ፣ "እኛ ጠዋት ማታ ዝንጅብል የምንጠጣ ሰዎች! መጥቶ ቢቀምሰን ራሱ ያስለዋል" ብላ ሁሉንም አስቃለች። በዚያው ሰሞን የዋርሲኒ ጎረቤት ካስዲ፣ አናጢው፣ ጃካርታ የያዘውን ሥራ ጨርሶ ሲመለስ ሳል ይዞት ነበር። በአራተኛው ቀን ትንፋሽ አጠረውና ሚስቱ ፓይነም ይዛው ሆስፒታል ገባች። የሳንባ ምች ነው ተባለ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዋርሲኒ ፒክአፑን ሞልታ ወረደች።

ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው እጁን ዘርግቶ ቆመ።

"ጠያቂ አይገባም።"

"እኛ ጠያቂ አይደለንም፤ ጎረቤት ነን" አለችው ዋርሲኒ።

"ጎረቤትም አይገባም፣ ቡ። ከትናንት ጀምሮ ነው። ትእዛዝ ነው" አላት፤ በአገሩ ትልቅ ሴት በአክብሮት "ቡ"፣ ወንዱ "ፓክ" ነው የሚባለው።

"ሁለት ሁለት ሆነን ብንገባስ? ወሬ አናበዛም።"

"ሃያ ሴት ወሬ ሳያበዛ!" አለ ዘበኛው፤ ሳቁ አመለጠው እንጂ በሩን አልከፈተም።

ሱርቲኒ ከፒክአፑ ላይ ሆና ጮኸች፦ "አንተ! ነገ አንተም ትታመማለህ እኮ! ያን ጊዜ ማን እንደሚጠይቅህ እናያለን!"

ሳይጠይቁ መመለስ ለዋርሲኒ ሞት ነው። ፓይነም ነገ ምን ትላለች? ካስዲስ? እሷ ደግሞ የሆስፒታሉን ጓሮ ታውቀዋለች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ለወጥ ቤቱ ቴምፔ ስታቀርብ ኖራለች። "ቆዩኝ፣ ብርቱካኑን ለወጥ ቤቷ ሰጥቼ መጣሁ" ብላ ዞረች። ወጥ ቤቷ መጀመሪያ እምቢ አለች፤ ከዚያ ዋርሲኒ እንዴት እንደምታለማምጥ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ተሸነፈች። "አምስት ደቂቃ ብቻ፣ ቡ። አየኋት የሚል ሰው ቢኖር እንጀራዬ ነው የሚቆረጠው። ማሉልኝ።" ዋርሲኒ ማለችላት።

ፎቅ ላይ አንዲት ነርስ በጠራራ ፀሐይ የዝናብ ካፖርት ለብሳ፣ ፊቷን በፕላስቲክ ሸፍና በኮሪደሩ ስታልፍ አየች። ጣራው ያፈሳል እንዴ ብላ ሽቅብ ተመለከተች። ነርሷ ወደ ሌላ ክፍል ስትገባ ጠብቃ ወደ ካስዲ ክፍል ሹልክ አለች። ፓይነም ለሶላት ወጥታ ነበር። ካስዲ ሲያያት ፊቱ በራ።

"መጣችሁ?" አላት፤ ድምፁ የለም ማለት ይቀላል።

"ያልመጣ የለም፣ ፓክ። ታች ናቸው፤ ዘበኛው ነው ያገዳቸው። አላህ ያሽርዎ።"

ብርቱካን ላጠችለት። ሁለት ክፋይ በእጇ አጎረሰችው። ሲያስለው ቀና አደረገችው፤ አፉን በሻርፗ ጫፍ ጠረገችለት። ከዚያ በመጣችበት ወረደች። መኪናው ላይ ስትወጣ "ለወጥ ቤቷ ሰጠኋት፤ ታደርስለታለች" አለች። ውሸቷ ትንሽ ነበረች፤ ለመሐላ ስትል የዋሸቻት። ቦታ ስላልነበረ ሱርቲኒ እላይዋ ላይ ተቀምጣ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ሆነው፣ ዘበኛውን እየተራገሙ ዳገቱን ወጡ።

እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ እንደ ልማዷ ቴምፔዋን ይዛ ቤት ለቤት ዞረች። ረቡዕ ከሰዓት የመንደሩ ሹም ሙጂዮኖ በመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ተናገረ፦ ካስዲን የያዘው ኮሮና ነው።

መንደሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ መንደር ሆነ። ወንዶቹ ቀርከሃ ቆርጠው መግቢያውን ዘጉት። መንገዱን በሳሙና ውሃ አጠቡት፤ በሽታው በእግሩ ሲሄድ ያዩት ይመስል ነበር። ቱኪራን ፒክአፑን ሦስት ጊዜ አጠበ። "እንኳን ያ ዘበኛ ከለከለን! እኔ ሰድቤው ነበር፤ ለካስ አባቴ ነው" አለ። ሰው ሁሉ ዘበኛውን መረቀ። "እኛ እኮ በር ላይ ነው የቀረነው" እየተባባሉ ተጽናኑ። ዋርሲኒም አብራ "አዎ፣ በር ላይ ነው የቀረነው" አለች። ይቺኛዋ ውሸት ትንሽ አልነበረችም።

በዚያው ዕለት አምቡላንስ ፓይነምን አምጥቶ ደጃፏ ላይ አወረዳት። አሥራ አራት ቀን እንዳትወጣ ተባለች። ነጭ የለበሱት ሰዎች በሩ ላይ ወረቀት ለጥፈው ሄዱ። ሩዝና ወጥ በፌስታል ታስሮ በረጅም ቀርከሃ ጫፍ አጥሯ ላይ ይንጠለጠልላት ጀመር፤ የሚያንጠለጥለው ሰው ቀርከሃውን ሲጥል መሮጡ ነው።

ሐሙስ ቀን ዋርሲኒ ተራሲ ትጠብስ ነበር። ተራሲ ከሽሪምፕ የሚሠራ ነው፤ ሲጠበስ ሽታው ሦስት ቤት ይሻገራል። ራትሪ ከጓዳ አፍንጫዋን ይዛ ወጣች።

"ውይ እማዬ! በሩን ክፈቱለት እንጂ፤ ልጄ ሳይወለድ ሊሸሽ ነው!"

ዋርሲኒ መጥበሻው ላይ ጎንበስ አለች። ምንም የለም። ሽንኩርት ከፍላ አሸተተች። ምንም። ወደ ቴምፔዋ ሄዳ ቅጠሉን ገለጠች፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ደረሰ አልደረሰ የምትለው በአፍንጫዋ ነበር። ቅጠሉን አሁንም አሁንም ወደ አፍንጫዋ እያስጠጋች ቆመች። ቴሌቪዥኑ ያለው ትኩሳትና ሳል ነው፤ ስለ አፍንጫ ያለው ነገር የለም። ጉንፋን ነው አለች ለራሷ። ግን ቅጠሉን መልሳ ጠቀለለችና ቅርጫቱን ገፋ አደረገችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ "ወገቤን አመመኝ፣ ወለል ይሻለኛል" ብላ ቴምፔ መሥሪያዋ ጎጆ ውስጥ መተኛት ጀመረች። ምግቧን ለብቻ በላች። ለደንበኞቿ "አኩሪ አተሩ ተበላሸብኝ" አለቻቸው። ለምን አትናገርም? ብትናገር ወጥ ቤቷ ሥራዋን ታጣለች። ብትናገር የመንደሩ ሰው ቴምፔዋን ዳግም አይነካም። ብትናገር ነገ ራትሪ ምጥ ቢይዛት የሚያዋልዳት ማን ነው? ይህ ሁሉ እውነት ነው። አይፈረድባትም ልል ነበር፤ ግን ይፈረድባታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል፣ እሷ የደበቀችው የራሷን ብቻ አልነበረም።

ዓርብ ካስዲ ሞተ። ሆስፒታሉ ራሱ ገንዞ ከተማው መቃብር ውስጥ ቀበረው። ሰባት ምሽት ሰው ተሰብስቦ የሚጸለይለት አገር ላይ፣ ለካስዲ አንድም ሰው አልተቀመጠም። ፓይነም ብቻዋን ስታለቅስ በሙዝ ተክሉ ማዶ ዋርሲኒ ትሰማታለች። ሁለት ጊዜ ተነሥታ እስከ ራሷ ደጃፍ ሄደች፤ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። በሽታውን እንዳላስተላልፍባት ነው አለች። እውነቱ ግን የፓይነምን ዓይን ለማየት አፍራ ነው።

እሑድ ሱርቲኒ በትኩሳት ወደቀች። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ አንጃር መጥታ አየቻት። ወጣት ናት፣ ሥራዋን የምታውቅ ልጅ ናት። "ሆስፒታል ውስጥ ገብተው ነበር? ከቡ ፓይነም ጋር ተገናኝተዋል?" ብላ ጠየቀች። የሱርቲኒ ልጆች "በጭራሽ! በር ላይ ነው የተመለሱት" አሏት። እንግዲያው የወባ ትንኝ ወንድም የሚያመጣው፣ ደንጊ የሚሉት ትኩሳት ነው ብላ የዚያን ሰጥታት ሄደች። በማግስቱ ሱርቲኒ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቃታት፤ ሁለት ቃል ተናግራ ትንፋሽ ትፈልጋለች።

ሰኞ ከሰዓት ሰው ሁሉ ፓይነም አጥር ፊት ተሰበሰበ። ዋርሲኒም መጣች፤ ከሁሉም ኋላ፣ አፍና አፍንጫዋን በሻርፕ አስራ ቆመች። አንጃርም ሱርቲኒን ልታይ ስትወጣ ሰዉን አይታ ሞተሯን አቁማ ነበር።

ሙጂዮኖ ጉሮሮውን ጠራረገ። "ቡ ፓይነም፣ ቅር እንዳይልዎት። ለሁላችንም ደኅንነት ሲባል ነው። ከላይ የተዘጋው ትምህርት ቤት አለ፤ ለጊዜው እዚያ ቢሆኑ..."

"እዚያ ውሃ የለም" አለች ፓይነም። በሯ ላይ ቆማለች። ከስታ ልብሷ ሰፍቷታል።

"ውሃ እናመላልስልዎታለን።"

"በቀርከሃ ጫፍ?" አለች። አንድ ሰው ሊሥቅ ጀምሮ ተወው።

ቱኪራን ብድግ አለ። "ምን ያስለምናል! ቤቷ ከላይ ነው፣ የሱርቲኒ ቤት ከታች ነው። ነፋሱ ወደ ታች ይነፍሳል። ነገሩ ግልጽ አይደለም እንዴ?"

"እኔስ የምፈራው ውሃውን ነው፤ ቦዩ በሷ ጓሮ ነው የሚያልፈው" አለች አንዷ።

"ትውጣ! ዛሬውኑ ትውጣ!"

"ልጆች አሉን እኮ!"

ሁለት ጎረምሶች አጥሩ የታሰረበትን ገመድ መፍታት ጀመሩ። ፓይነም አልጮኸችም። ወደ ውስጥ ገብታ አንድ ትራስና ጥቅል ልብስ ይዛ ወጣች። ጫማዋን ለማድረግ ጎንበስ ስትል ሚዛኗን ስታ በሩን ያዘች። የሚደግፋት የለም።

ዋርሲኒ ይህን ሁሉ ከኋላ ታያለች። አንድ ቃል ብቻ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ራትሪን አሰበች፤ ወጥ ቤቷን አሰበች። ሱርቲኒንም አሰበች፤ የሌላ በሽታ መድኃኒት እየዋጠች ለትንፋሽ የምትታገለውን።

"ተዉአት!" አለች።

ድምጿ እንዳሰበችው አልወጣም። ማንም አልዞረም። ሻርፗን ከአፏ ልታነሣ እጇን ሰደደችና ተወችው።

"ተዉአት እላለሁ! እሷ አይደለችም! እኔ ነኝ!"

አሁን ዞሩ።

"ቅዳሜ ለት ገብቻለሁ። ለወጥ ቤቷ ሰጠሁ ያልኳችሁ ውሸት ነው። ካስዲ አልጋ ድረስ ሄጃለሁ። በእጄ አጉርሼዋለሁ። አፉን የጠረግሁበትን ሻርፕ ለብሼ ነው መኪናው ላይ የተቀመጥሁት፤ ሱርቲኒ ደግሞ እላዬ ላይ። ከሐሙስ ጀምሮ አፍንጫዬ አያሸትም። እኔ ነኝ።"

 በዙሪያዋ የነበረው ሰው ሁሉ ሸሸ፤ እየተገፋፋ፣ እየተረጋገጠ። በአንድ ጊዜ አሥር እርምጃ ባዶ መሬት መሐል ብቻዋን ቀረች።

"ማክሰኞ ልጄን ታቅፈሽ ነበር!" ብላ ጮኸች አንዲት እናት። "ስመሽዋል! ቴምፔ ሸጠሽልኝ፣ ልጄን ስመሽ ነው የወጣሽው!"

"ስሜዋለሁ" አለች ዋርሲኒ። "ያን ጊዜ አላወቅሁም። ረቡዕ ግን አወቅሁ። ረቡዕ መናገር ነበረብኝ።"

"አንቺን ብሎ ጠያቂ!" አለ ቱኪራን። ምራቁን ሊተፋ ነበር፤ ምራቅም እንደሚያስፈራ ትዝ ሲለው ዋጠው።

ሙጂዮኖ ግራ ገብቶት ወደ ፓይነም ዞረ። "እርስዎ ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር" አለች ፓይነም። "ከሶላት ስመለስ ነገረኝ።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ስንልዎት ለምን አልተናገሩም?"

ፓይነም ትራሱን ደረቷ ላይ እንደያዘች ዋርሲኒን አየቻት። "እስክለየው ድረስ ያወራው የነበረው እኮ እሱን ነው። 'ዘበኛ ቢያግዳቸውም አልተዉኝም' ይል ነበር። ከዚያ ሌላ ደስታ አልነበረውም። እንዴት አድርጌ አሳልፌ ልስጣት?"

ዋርሲኒ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ቁጭ ብላ፣ ፊቷን በጉልበቷ መሐል ቀብራ አለቀሰች። ማንም አልቀረባትም፤ መቅረብም አልነበረባቸውም።

አንጃር ቀድማ ስልኳን አውጥታ ነበር። ለሱርቲኒ አምቡላንስ ጠራች፤ "ኮሮና ሳይሆን አይቀርም፤ ኦክሲጅን ይዛችሁ ኑ" ስትል ሁሉም ሰማ። ጎረምሶቹን አጥሩን መልሳችሁ እሰሩ አለቻቸው፤ አሰሩ። ከዚያ ደብተሯን ይዛ ባዶው መሬት ዳር ድረስ መጣችና ቆመች።

"ቡ ዋርሲኒ፣ አሁን ማልቀሱን ይተዉትና ይርዱኝ። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ የገቡበትን ቤት ሁሉ ይንገሩኝ። አንድም እንዳይዘነጉ።"

ዋርሲኒ ፊቷን ጠርጋ ከመንደሩ ግርጌ ጀመረች። እያንዳንዱን ቤት በስሙ ጠራች። ምን እንደሸጠች፣ ማን እንደታመመ ጠይቃ እንደገባች፣ የት ውሃ እንደጠጣች፣ የትኛውን ሕፃን እንዳቀፈች ተናገረች። ስሙ የተጠራ ሁሉ ከሰዉ መሐል ወጥቶ ለብቻው ይቆማል፤ አንዳንዱ እያለቀሰ፣ አንዳንዱ እየተራገመ። የሙጂዮኖ ቤት ተጠራ። የቱኪራን ቤት ተጠራ፤ ቱኪራን ቀና ማለት አቃተው። ራትሪን ከሁሉም በኋላ ጠራቻት። ሃያ ስድስት ቤት ሆነ። በመጨረሻ ያልተጠራ ሰው አልቀረም ማለት ይቻላል።

አንጃር ደብተሯን አገላበጠች። "የቡ ፓይነም ቤት አልተጠራም። እዚህስ መቼ ገቡ?"

ዋርሲኒ መሬት መሬቱን አየች።

"እዚህ አልገባሁም" አለች።

"ከመጡ ጀምሮ ስድስት ቀን ሆኗቸዋል እኮ። ባላቸው ሲሞትም?"

"ሲሞትም።"

አንጃር እስክሪብቶዋን ይዛ ወደ ፓይነም ቀና አለች፤ ሥራዋ ነውና መጠየቅ ነበረባት። "ሌላስ ሰው ቤትዎ መጥቶ ነበር፣ ቡ?"

"ማንም አልመጣም" አለች ፓይነም። "'ማንም አልመጣም' ብለሽ ጻፊ።"